የሞተር ዘይት ስምና ግብር

አዳማ ላይ «የትኛው የሞተር ዘይት ይሻላል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ እንደ መካኒኩ ዕድሜ ይለያያል። ሽበት ያለው «ሼል ወይም ሞቢል፣ ሌላውን ይተዉት» ይላል። ጎልማሳው ቶታልን ያስቀድማል። ባጃጅ የሚጠግነው ወጣት ደግሞ ዋጋው የሚቀመሰውን አንስቶ «ያው ነው፣ ዘይት ዘይት ነው» ይልዎታል።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ የሞተር ሰው አይደለሁም። ይሁንና በሥራዬ ምክንያት ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከአዳማ እስከ መተሐራ ስለምመላለስ፣ መኪናዬም ወጣት ስላልሆነች፣ ጥያቄውን ለብዙ ባለሙያ አቅርቤያለሁ። የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ስለ ዘይት የምንሰማው ምስክርነት አብዛኛው ፍርድ ቤት «የስሚ ስሚ» ብሎ የሚጥለው ዓይነት መሆኑን ነው።

ሼልን እንውሰድ። ኩባንያው የኢትዮጵያ ማደያዎቹን እ.ኤ.አ. በ2008 ለኦይልሊቢያ፣ ለኋላው ኦላ ኢነርጂ፣ ሸጦ ወጥቷል። ሞቢልም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 የአፍሪካ አገሮች የነበረውን ንግድ ለቶታል አስረክቧል። ማደያዎቹ ቀለማቸውን ቀየሩ፤ የዘይቶቹ ዝና ግን በመካኒኩ አፍ ላይ ቀረ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም ለካ!

ስም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ስሙን የሚጠብቅ ኩባንያ ምርቱን ይቆጣጠራል። ነገር ግን አንድ ኩባንያ የሚያመርተው አንድ ዘይት አይደለም። ሪሙላ የሼል፣ ዴልቫክ የሞቢል፣ ሩቢያ የቶታል የናፍጣ ዘይቶች ናቸው፤ ሄሊክስና ኳርትዝ ደግሞ የሼልና የቶታል የቤንዚን። በእነዚህም ሥር ርካሽና ውድ፣ አሮጌና አዲስ ደረጃ አለ። ስለዚህ «ቶታል ነው የምጠቀመው» ያለ ሰው ገና ምንም አልነገረንም።

የሚነግረን በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ፊደል ነው። «15 ደብሊው 40» ሲል፣ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚቀጥን፣ ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ያመለክታል። ቀጥሎ የአሜሪካው የነዳጅ ኢንስቲትዩት ደረጃ ይመጣል። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ተከታዩ ፊደል በፊደል ተራ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። «ሲአይ-4» የሚል የናፍጣ ዘይት «ሲኤፍ-4» ከሚለው የተሻለ ነው፤ ስሙ የማንም ይሁን።

ለስምጥ ሸለቆ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አዳማ ከ1,600 ያልፋል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነው። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ ከባድ መኪና ይህን ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሐሩር፣ እያጓራ ይወጣዋል። ዘይቱ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። አቧራውም አለ። በአየር ማጣሪያው አልፎ ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሞተሩን ይፍቃል። በዚህ አገር ዘይትና ፊልትሮ የመቀየሪያውን ጊዜ ማሳጠር ከውድ ዘይት ይበልጥ ይጠቅማል።

ግን ደግሞ «አገሩ ሞቃት ነው» እየተባለ ለሁሉም ወፍራም ዘይት ይሞላል። በቀጭን ዘይት እንዲሠራ የተነደፈ አዲስ የቶዮታ ቪትዝ ሞተር ውስጥ «20 ደብሊው 50» ሲጨመር አይቻለሁ። የመኪናው መመሪያ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚያነበው የለም። «ዘይቱ ቶሎ ጠቆረ፣ ጥራት የለውም» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ጥሩ የናፍጣ ዘይት ጥላሸቱን ከሞተሩ አጥቦ ስለሚይዝ መጥቆሩ ሥራውን መሥራቱን ያሳያል።

የሚያስፈራው አስመስሎ የተሞላው ነው። ባዶ ጀሪካን ገዢ አለው፤ ታዋቂ ስም ያለበት ደግሞ የበለጠ ይፈለጋል። ለምን ይመስላችኋል? በዚህ ምክንያት ዝናው የገነነው ዘይት ለአጭበርባሪም የሚመረጠው ነው።

ሕጉ ሸማቹን አልረሳውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ችግሩ፣ ዘይት በ15 ቀን ውስጥ አይናገርም። ጉዳቱ ከወራት በኋላ ሲታይ ካሳ የሚጠይቅ ባለንብረት ዘይቱን ከዚያ ሱቅ መግዛቱን፣ ዘይቱ ሐሰተኛ መሆኑን፣ ሞተሩም በዚያ ምክንያት መበላሸቱን ማስረዳት አለበት። ደረሰኝ ያልተቀበለ ከመጀመሪያው በር አያልፍም። ለሁለተኛው ከዚያው ጀሪካን የተረፈ ጥቂት ዘይት ማስቀመጥ ይረዳል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው ሞተር በቀላሉ የሚተካ አልሆነም። አዳማ ውስጥ የማውቀው አንድ ጋራዥ ዘይት ቀይሮ ሲጨርስ ባዶውን ጀሪካን ባለመኪናው ፊት በቢላ ይቀደዋል። የእርስዎ ካልቀደደ፣ ቢላውን እርስዎ ያውጡ።