አየር የማይለምን እሳት

በወጣትነቴ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቦይለር ክፍል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ እሳትና ውሃ መጠበቅ ነበር። አንድ ሌሊት አየር የሚነፋልን ሞተር ድንገት ቀጥ አለ። በምድጃው መስኮት እያየሁ እሳቱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ጥቀርሻ ተፋ፣ ከዚያ ሞተ። ነዳጁ አላለቀም፤ ያለቀው አየሩ ነው። ከዓመታት በኋላ በኒውክሌር ኃይል ስለሚሄዱ ሰርጓጅ መርከቦች ማንበብ ስጀምር ልቤን የያዘው ይሄው ነገር ነው። ሰዎች አየር የማይለምን እሳት ሠርተዋል።

በኒውክሌር ኃይል ከሚሄዱት በፊት የነበሩት ሰርጓጅ መርከቦች አልፎ አልፎ የሚጠልቁ መርከቦች ነበሩ ቢባል ይሻላል። በናፍጣ ሞተር ላይ ላዩን ይሄዳሉ፣ ባትሪያቸውን ይሞላሉ፣ ጠላት ሲመጣ ይጠልቃሉ። ናፍጣ ደግሞ አየር ካላገኘ አይነድም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ያላቸው ባትሪው ብቻ ነው፤ በሙሉ ፍጥነት ከነዱትም አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይሟጠጣል። ከሰል በተዘጋ ቤት ማንደድ ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ ሰው የእነዚያን መርከበኞች ችግር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የኒውክሌሩ እሳት ግን እሳት የምንለው በልማድ ነው እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም። የዩራኒየም አቶም ይሰነጠቃል፣ ሙቀት ይወጣል፣ ውሃ ይሞቃል፣ እንፋሎት ተርባይን ያዞራል፣ ተርባይኑ ፕሮፔለሩን ያዞራል። በቃ። አቶሙ ከሚሰነጠቅበት ምድጃ፣ ከሪአክተሩ፣ ወዲህ ያለው ሁሉ እኔ የማውቀው ቦይለር ቤት ነው።

አንዲት ብልሃት ግን ሳላወሳት አላልፍም። በሪአክተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ከሁለት መቶ ዲግሪ በላይ እየሞቀ አይፈላም፤ ከባድ ግፊት ተጭኖታል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ሽምብራም በግፊት ድስት ካልሆነ ቶሎ እንደማይበስል የምናውቅ ሰዎች ነገሩ ይገባናል። ግፊት ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ሲጨምር እምቢ ይላል። ያ እምቢተኛ ውሃ በቱቦ ሆኖ ሌላ ውሃ መሀል ያልፍና ሙቀቱን ያስረክባል። የሚፈላው ሁለተኛው ነው። ሁለቱ ውሃዎች አይቀላቀሉም፤ ተርባይኑን የሚነካው እንፋሎት በሪአክተሩ አላለፈም ማለት ነው።

የዚህ ዓይነት የመርከብ ሪአክተር የመጀመሪያው የተሠራው ከባሕር እጅግ በራቀ ቦታ፣ በአሜሪካ በአይዳሆ በረሃ ነው። ሥራውን የመራው አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ፖላንድ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ ትዕግሥት የማያውቅ ኢንጂነር ነበር። ሪአክተሩ ለሙከራ በላቦራቶሪ አዳራሽ እንደ ልብ ተዘርግቶ እንዲቀመጥ አልፈቀደም። የሰርጓጅ መርከብ ገላ ቁራጭ በበረሃው ላይ አሠራ፣ ገላውን ውሃ በሞላ ትልቅ ጋን ውስጥ አስቀመጠ፣ ሪአክተሩም በዚያ ጠባብ ቦታ እንዲገጥም አዘዘ። በሰኔ 1953 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሙሉ ኃይል አስነሱት። የታቀደው ሙከራ የ24 ሰዓት ነበር። መረጃው ተገኝቷል፣ ይብቃ ሲሉት ሪኮቨር እምቢ አለ። የአትላንቲክ ካርታ በግድግዳው ላይ ተሰቀለና ያ ከቦታው የማይነቃነቅ መርከብ በየጊዜው የት እንደደረሰ እየተሰላ ይሰመርበት ጀመር። አንዳንድ ዕቃ መታወክ ጀመረ፤ እሱ ግን ንዱ አለ። ከአራት ቀን በኋላ የካርታው መስመር አየርላንድ ደረሰ። እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። በረሃ ላይ ቆሞ ውቅያኖስ የተሻገረ መርከብ!

በባሕር የሄደችው እውነተኛዋ መርከብ፣ ናውቲለስ፣ ጥር ወር 1955 ላይ ከግሮተን፣ ኮነቲከት ወጣች። በኒውክሌር ኃይል ጉዞ መጀመሯን በመልእክት ያሳወቀው ካፒቴኗ ዩጂን ዊልኪንሰን ነው። በነሐሴ 1958 በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር አለፈች። በመጀመሪያው ነዳጇ ከ62,000 ማይል በላይ ሄዳለች። አሁን እዚያው ግሮተን ሙዚየም ሆናለች፤ መግቢያው ነፃ ነው። እኔም ሄጄ አይቻታለሁ። ጎብኚ የሚገባው የፊቱ ክፍል ብቻ ነው። የቶርፒዶ ክፍሉን፣ እንደ መደርደሪያ የተደራረቡትን አልጋዎች፣ ወጥ ቤቱን ያያሉ። ሪአክተሩና ተርባይኖቹ ያሉበት የኋላው ወገን ዝግ ነው። ከኋላ ባለው ግድግዳ ላይ መዳፌን አሳርፌ ትንሽ ቆየሁ፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ያን ቀን ማታ ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ያየሁትን ነገርኩት።

«ቦምቡን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አለኝ መጀመሪያ።

«ጋሼ፣ ቦምብ የላትም። ምድጃ ነው ያላት።»

«ኒውክሌር አላልከኝም?»

አጎቴን አልወቅስም። የምወቅሰው ዜና የምንጽፈውንና የምንተረጉመውን ሰዎች ነው። «የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ» ብለን እንጽፋለን፤ አድማጩ በኒውክሌር ኃይል የሚሄድ ይሁን ኒውክሌር የታጠቀ በምን ይወቅ? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ናውቲለስ የታጠቀችው ቶርፒዶ ነበር። በግንቦት 1982 በፎክላንድ ጦርነት የእንግሊዟ ኮንከረር የአርጀንቲናን ጄኔራል ቤልግራኖ መርከብ አስጥማ 323 ሰዎች ሞቱ፤ ኮንከረር በኒውክሌር ኃይል የምትሄድ ነበረች፣ የተኮሰችው ግን ንድፉ ከ1920ዎቹ የመጣ ተራ ቶርፒዶ ነው። አውስትራሊያ በ2021 ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር የተስማማችባቸውም በኒውክሌር ኃይል ይሄዳሉ እንጂ ኒውክሌር አይታጠቁም። ይህ በአማርኛ ሲዘገብ «አውስትራሊያ ኒውክሌር ልትታጠቅ ነው» ተብሎ ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ።

ተቃራኒው ደግሞ የባሰ ነው። በጥቅምት 1962 በኩባ የሚሳይል ቀውስ ጊዜ ዓለምን ለጥፋት ካቀረቡት አንዱ የሶቪየቱ ሰርጓጅ መርከብ ቢ-59 ነበር። የሚሄደው በናፍጣና በባትሪ ነው፤ የያዘው ግን የኒውክሌር ቶርፒዶ ነው። የአሜሪካ መርከቦች ከላይ ሆነው እንዲወጣ ለማስገደድ ፈንጂ ይጥሉበት ነበር። ባትሪው ተሟጦ፣ ውስጡ እንደ ምድጃ ግሎ፣ አየሩ ከብዶ ሰዎቹ መተንፈስ አቅቷቸው ነበር። ካፒቴኑ ቶርፒዶው እንዲዘጋጅ ፈለገ፤ ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለው መኮንን አልተስማማም። ወጡ። በዚያች ሌሊት ሰዎቹን ወደ ላይ የገፋቸው ያው የአየር ነገር ነው።

የኒውክሌሩን እሳት ጉዳት ግን አልደብቅም። በ1961 በሶቪየቱ ኬ-19 ላይ የማቀዝቀዣው ቱቦ ፈሰሰና ሪአክተሩን ለማዳን የገቡ መርከበኞች በጨረር አለቁ። በ1963 አሜሪካዊቷ ትሬሸር 129 ሰዎች ይዛ ሰጠመች። ከቦይለር ጋር የኖረ ሰው እሳት ሲያበላሹት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

አጎቴ በመጨረሻ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን ከብዙ ጋዜጠኛ ጥያቄ ይበልጣል።

«እሺ፣ እሳቱ አየር አይፈልግም። ሰዎቹስ?»

የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ከራሱ ከውሃው በኤሌክትሪክ ለይተው እንደሚያወጡ ነገርኩት።

«ታዲያ ምን ያወጣቸዋል?»

ስንቅ ሲያልቅ ነው አልኩት። ከዚያ የትራይተንን ታሪክ ነገርኩት። በ1960 የማጄላንን መንገድ ተከትላ ውሃ ውስጥ እንዳለች ዓለምን በ60 ቀን ከ21 ሰዓት የዞረች መርከብ ናት። በጉዞው መሀል፣ ኡራጓይ አካባቢ፣ አናቷን ብቻ ብቅ አድርጋ አንድ ሰው ለሌላ መርከብ አስረክባለች። ያስወጣት ሞተሩ አልነበረም። መርከበኛው የኩላሊት ጠጠር በርትቶበት ነበር።