የጠገራ ብርና የምኒልክ ብር ሽያጭ በበይነ መረብ፦ የዋጋ ድርድር ወሰን ከየት ይመነጫል?

አንድ የሳንቲም ነጋዴ በበይነ መረብ መደብሩ ሁለት ሳንቲሞችን ጎን ለጎን ለሽያጭ አቅርቧል እንበል። አንደኛው 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት የማሪያ ቴሬዛ ታለር፣ በአገራችን አጠራር ጠገራ ብር ነው። ሁለተኛው በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታ የዳግማዊ ምኒልክ አንድ ብር ነው። ጠገራው 28.07 ግራም ያህል ሲመዝን ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ የምኒልኩ 28.075 ግራም ሲሆን ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ገደማ፣ ማለትም የአንድ ትሮይ አውንስ ሦስት አራተኛ ይሆናል። በማዕድን ይዘታቸው እኩል ሆነው ሳለ፣ ገዢው ዋጋ እንዲቀነስለት ሲጠይቅ በሁለቱ ላይ የሚያገኘው ምላሽ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የድርድሩን ስፋት የሚወስነው በዋናነት ነጋዴው ከየትኛው ዋጋ በታች መውረድ እንደማይችልና ስለ ሳንቲሙ ማን ምን እንደሚያውቅ ነው። የገዢው አንደበት ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

የጠገራ ብር ዋጋ ወለሉ ጠንካራ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፉ በኋላ ሳንቲሙ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል፤ በቪየና ብቻም ሳይሆን በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ጭምር። ስለዚህ በላዩ ያለው ዓመት ስለ ዕድሜው የሚናገረው ነገር የለም፤ ነጋዴውም የሸጠውን በማግስቱ በሌላ ሊተካው ይችላል። የአንድ አውንስ ብር ዋጋ 30 ዶላር ነው ብንል፣ የጠገራው የማዕድን ዋጋ 22 ዶላር ተኩል ይሆናል። ነጋዴው 28 ዶላር ቢጠይቅ፣ በመካከል ካለችው 5 ዶላር ተኩል ላይ ለመገበያያ መድረኩ የሚከፍለው ኮሚሽን፣ ማሸጊያውና የራሱ ትርፍ ይወጣሉ። 20 ዶላር የሚያቀርብ ገዢ ውድቅ የሚደረገው ነጋዴው ግትር ስለሆነ አይደለም፤ ሳንቲሙን ለማቅለጫ ቢሰጠው የተሻለ ያገኛል። በዚህ ዓይነቱ ግብይት ቅናሽ የሚገኘው በሌላ በር ነው፦ አምስት ወይም አሥር ሳንቲም በአንድ ላይ በመግዛት፣ የመላኪያ ወጪውን በማጣመር፣ ወይም ነጋዴው በራሱ ድረ ገጽ ሲሸጥ የካርድ ክፍያ በማያስከፍለው የባንክ ዝውውር በመክፈል። በመድረክ ላይ የተዋወቀን ዕቃ ከመድረኩ ውጭ ከፍሎ መግዛት ግን ደንብ መጣስ ከመሆኑም በላይ ገዢውን ከለላ ያሳጣዋል። (በንስሩ ጭራና በንግሥቲቱ የትከሻ ጌጥ ዝርዝር የሚለዩ ቀደምት ምቶች በዚህ ስሌት አይገቡም፤ እነርሱ በብርቅነታቸው ይሸጣሉ።)

የምኒልክ ብር ጉዳይ ውስብስብ ነው፤ ዋጋውን ከማዕድኑ በላይ ከፍ የሚያደርገው ይዞታው ነውና። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የጥራት መለኪያ መነሻው ዊሊያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ለአሜሪካ ሳንቲሞች ያወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ፒሲጂኤስ፣ በ1987 ደግሞ ኤንጂሲ የተባሉት ድርጅቶች ሳንቲምን መርምረውና ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ ማሸግ ጀመሩ። ያልታሸገ ሳንቲም በፎቶግራፍ ብቻ ሲሸጥ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያብራራው ችግር ይከሰታል፦ ሻጩ ጉድለቱን ያውቃል፣ ገዢው ግን አያውቅም፤ በዚህም ምክንያት ገዢው ለደኅናውም ሳንቲም ቢሆን የጥርጣሬውን ያህል ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀርባል።

በኢትዮጵያ ሳንቲሞች ላይ ይህ ጥርጣሬ ተጨባጭ መሠረት አለው። የብር ገንዘብ በአንጥረኛ እጅ ቀለበት ተበይዶለት በአንገት ጌጥነት ሲዋል ኖሯል። ቀለበቱ ሲነሳ በጠርዙ ላይ የሞረድ ወይም የብየዳ ምልክት ይቀራል፤ የሳንቲሙን ፊትና ጀርባ ብቻ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይህን ይሸሽጋል። መወልወልም እንዲሁ ነው፤ በቤት ውስጥ የክብር ምልክት የሆነው አንጸባራቂነት በሰብሳቢዎች ገበያ ጉድለት ሲሆን፣ ደረጃ ሰጪዎቹም የታጠበ ሳንቲምን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ሳይሰጡ «ጸድቷል» የሚል መግለጫ ይጽፉበታል። ስለዚህ «ዋጋውን ይቀንሱልኝ» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «የጠርዙን ፎቶግራፍ ቢልኩልኝ» የሚለው የበለጠ ፍሬ አለው። የሚመጣው ምስል ወይ ለቅናሹ ማስረጃ ይሆናል፣ ወይም ገዢው በሙሉ ዋጋ ያለ ስጋት እንዲገዛ ያደርገዋል።

የመረጃው ሚዛን አንዳንዴ ወደ ገዢው ያደላል። በሳንቲሙ ላይ ያለው ፲፰፻፹፯ የኢትዮጵያ ዘመን መሆኑን ያላስተዋለ ሻጭ እ.ኤ.አ. 1887 ብሎ ያስተዋውቀዋል፤ ትክክለኛው ግን 1894/95 ነው። በተዳፈነ ሳንቲም ላይ ፯ እና ፱ ሊምታቱ ስለሚችሉም የ1887ቱና የ1889ኙ አንድ ብር በስህተት ተለዋውጠው ይቀርባሉ። የግዕዝ ቁጥር ማንበብ ለሚችል ሰው ይህ ከየትኛውም የድርድር ስልት የላቀ ጥቅም ነው።

የሚቀርበው ቁጥር ራሱ በምን ላይ ይመሥረት? ገና ባልተሸጡ ማስታወቂያዎች ላይ የተለጠፈ ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው የተጠናቀቀ ሽያጭ ነው። የኢቤይ የተሸጡ ዕቃዎች ዝርዝርና እንደ ሄሪቴጅ ያሉ የጨረታ ቤቶች መዝገብ ለዚህ ያገለግላሉ፤ የጨረታው ውጤት ከገዢው የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ ማካተት አለማካተቱን መለየት ግን ግድ ነው። ባከስ፣ ብሌክ፣ ላርሰንና ታደሊስ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት በኢቤይ የዋጋ ማቅረቢያ አሠራር ከ25 ሚሊዮን በላይ ማስታወቂያዎችን መርምረው፣ ተደራዳሪዎች በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ላይ መገናኘትን እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ይህ እውነት ከሆነ 400 ዶላር ለተጠየቀበት ሳንቲም 340 ተገቢ ነው ብሎ የሚያምን ገዢ በ280 ቢጀምር መካከሉ 340 ላይ ያርፋል። ሁለት ነገሮች ግን ይህን ስሌት ያውኩታል። ሻጩ ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ሐሳብ ሥርዓቱ በራሱ እንዲመልስ ማዘዝ ስለሚችል፣ እጅግ ያነሰ ዋጋ ሰው ሳያየው ይወድቃል። ልምድ ያለው ነጋዴም የመሐሉን ልማድ ስለሚያውቅ የመነሻ ዋጋውን አስቀድሞ ከፍ ያደርገዋል። መሐሉን የፍትሐዊ ዋጋ ምልክት አድርጎ መውሰድ እንግዲህ ለነጋዴው መልካም ዜና ነው።

የአክሱም ሳንቲሞች ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በርካታ ቤተ መዘክሮችም የዩኔስኮ ስምምነት የተፈረመበትን እ.ኤ.አ. 1970ን የመለያ ዓመት አድርገው ይጠቀማሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ሳንቲም ላይ የዋጋው ዝቅታ ራሱ ሊያስጠረጥር ይገባል። ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሳንቲሙ መቼና በማን እጅ ከኢትዮጵያ እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ነው፤ ሰነዱ ካልቀረበ ስለ ዋጋ የሚነጋገሩበት ምክንያት የለም።