የጉራጌ ተራሮች ከየትኛው ወገን ይመደባሉ?

ከቡታጅራ ከተማ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የጉራጌ ተራራ እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የዘቢዳር ጫፍ ግን ከ3,700 ሜትር ያልፋል። በአንጻሩ ከወልቂጤ ተነሥቶ በአገና በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ዳገቱ ቀስ በቀስ ስለሚመጣበት ተራራ መውጣቱን ሳያስተውል ከእንሰቱ አልፎ ገብስ አገር ይደርሳል። ሁለቱ ያዩት ተራራ አንድ ነው።

የመልክዓ ምድር ባለሙያዎች ተራሮችን ሲመድቡ በመጀመሪያ የሚያዩት አቀማመጣቸውን ነው። ብቻውን የቆመ ተራራ አለ። ከሜዳ መካከል ብድግ ያለው ዝቋላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሲሆን፣ በታንዛንያ የሚገኘው 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው ኪሊማንጃሮም የዚሁ ዓይነት ነው። ጫፎቹ በአንድ ሸንተረር ተያይዘው በረጅሙ የተዘረጉ ሲሆኑ ሰንሰለት ይባላል። መስመር ሳይጠብቁ በአንድ ሰፊ መሠረት ላይ የተሰባሰቡት ደግሞ የተራሮች ስብስብ ናቸው፤ የስሜንና የባሌ ተራሮች ከዚህ ይቆጠራሉ። (በነገራችን ላይ ራስ ዳሽን በቀድሞ መማሪያ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ኋላ የተደረጉት ልኬቶች ወደ 4,550 ሜትር ገደማ ዝቅ አድርገውታል። ልጆቻቸው ከአባቶቻቸው የተለየ ቁጥር ይዘው ቢመጡ አንባብያን አይደነቁ።)

የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት ናቸው። አፈጣጠራቸው ግን ከሂማላያ ሰንሰለት የተለየ ነው። ሂማላያ የመሬት ቅርፊት ከሁለት ወገን ተገፋፍቶ ሲታጠፍ የወጣ ነው። የእኛው በእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተገነባ ከፍተኛ ምድር ሲሰነጠቅና መካከሉ ሲሰምጥ ዳር ላይ የቀረ ጠርዝ ነው። የሰመጠው ስምጥ ሸለቆ ይባላል። በዚህም ምክንያት ነው በቡታጅራ በኩል ገደል፣ በወልቂጤ በኩል ግን የተንጣለለ ቁልቁለት የሆነው። ከሸለቆው ማዶ በአርሲ የሚታየው ጭላሎ ፊት ለፊት ቢቆምም ከምሥራቁ ከፍተኛ ቦታ ስለሚመደብ ወገኑ ሌላ ነው። የትምህርት መጻሕፍት የጉራጌን ተራራ ከሰሜን ሸዋው አቡዬ ሜዳ ጋር በሸዋ ከፍተኛ ቦታ ሥር ያስቀምጡታል።

በቡታጅራ ዙሪያ ሸለቆው ወለል ላይ ተሰልፈው የሚታዩት ጉብታዎችም የሰንሰለቱ ልጆች አይደሉም። ኋላ በመጣ እሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው፤ የሐሬ ሸይጣን ሐይቅ የተኛበት ጉድጓድም የዚያው እሳት ሥራ ነው። የጉብታዎቹ ድንጋይ ቀላልና ባለ ቀዳዳ በመሆኑ ውሃ ያሰርጋል እንጂ እንደ ተራራው ጎን አያንደረድርም። ስለዚህ ለተራራው የተወሰነው የእርከን ዓይነት ለጉብታው እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ አመዳደብ ግን ለገበሬ ማኅበር መሪ ይበልጥ የሚጠቅመው የውሃው ነው፤ የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ነው። በሸንተረሩ ላይ የዘነበ ዝናብ ይከፈላል። በምሥራቅ የወረደው አብዛኛው በመቂ ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይሄዳል። በምዕራብ የወረደው በዋቤ ወንዝ አድርጎ ጊቤ ይገባና ኦሞን ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል (ዋቤን ከዋቢ ሸበሌ ጋር ማሳሳት አይገባም)። ከሰሜኑ ጫፍ ወደ አዋሽ የሚሄደውም አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እንግዲህ ከዚህ ተራራ የሚነሣ ጎርፍ በሦስቱም በኩል ከባሕር አይደርስም ማለት ነው። የተሸከመው አፈር በየመንገዱና በየሐይቁ ይተኛል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ በዚሁ በምዕራቡ ውሃ መንገድ ላይ ያለ ነው።

የአስተዳደር ወሰን ይህን ተከትሎ የተሠራ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አንድ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋም ተወሰነ። መለኪያው ስፋት እንጂ ውሃ አልነበረም። ብዙ የዛሬ ቀበሌዎች የዚያን ጊዜ ወሰን ወርሰዋል። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማኅበረሰብ ተፋሰስ ልማት መመሪያ የሥራው ክልል ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሆነ፣ ውሃው በአንድ መውጫ የሚወርድ ቦታ እንዲሆን ይመክራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስለሆኑ የሰንሰለቱ ሁለት ጎኖች በሁለት ዞን ሥር ገብተዋል።

ችግሩ የሚታየው በክረምት ነው። የላይኛው ቀበሌ በወሰኑ ውስጥ የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ቆፍሮ ማሳውን ያድናል። ቦዩ ግን የሚያበቃው በወሰኑ ላይ ከሆነ ተሰብስቦ ጉልበት ያገኘው ጎርፍ የታችኛውን ቀበሌ እርከን ጥሶ ቦረቦር ይከፍታል። የታችኛው ክትር ቢሠራ በሚቀጥለው ዓመት ደለል ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ደክመዋል፤ ጥፋቱን ግን አንዱ በሌላው ላይ ያላክካል።

ስለዚህ የበጋው ሥራ ድልድል ከመውጣቱ በፊት የላይኛውና የታችኛው ቀበሌ መሪዎች ከልማት ሠራተኛው ጋር ሸንተረሩን አብረው ቢወጡ ይበጃል። ውሃው የሚከፈልበትን መስመር ችካል እየተከሉ ምልክት ማድረግ፣ ቀጥሎም መውጫውን ፈልጎ በመካከል ያለውን መሬት የማንም ወሰን ይሁን እንደ አንድ ማሳ መቁጠር ነው። የቦዩ ጫፍ የተፈጥሮ ወንዝ ወይም በሣር የተሸፈነ የውሃ መውረጃ ላይ እንዲያርፍ ሁለቱ ወገኖች በቃለ ጉባኤ ይፈራረሙ። እርከኑ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ክትሩም የላይኛው እርከን ካለቀ በኋላ ይከተላል። ይህም የበልጉ ዝናብ ከመግባቱ በፊት በጥርና በየካቲት ሊጠናቀቅ ይገባዋል።