«ጭንቀቴን የማቦን መስሎኝ…»

ማንጎ ሸተተኝ።

ጁስ ቤት አጠገቤ የለም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፒያሳ፣ ከዓድዋ ድል መታሰቢያ አጠገብ አረፍ ብዬ አላፊ አግዳሚውን እየቃኘሁ ነው። ዞር ስል ኮፍያውን እስከ ዓይኑ የደፋ ጎረምሳ መዳፉ ውስጥ የሸሸጋትን ነገር ከንፈሩ ላይ ደቅኖ ሳብ አደረገና ነጭ ጉም አቦነነ። ጉሙ ብን ብሎ ጠፋ። ማንጎው ቀረ።

ድሮ የፒያሳ አጫሽ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ከሱቅ በደረቴው አንድ ፍሬ ኒያላ ይገዛል፣ ክብሪት ይለምናል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይምጋል፣ ቤት ሲገባ እናቱ ከበር ላይ ያሸቱታል። ማስቲካውም ሎሚውም አያድነውም። የዛሬዎቹ ልጆች እናት የማታሸተው ነገር አግኝተዋል።

«ምንድን ናት እሷ?» አልኩት፣ ወሬ ለማስጀመር ያህል።

«ቬፕ ናት ጋሼ» አለና ኪሱ ሊከታት ሲጣደፍ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል አወጋን። ስሙን እንዳልጽፍ አስማለኝ፤ ምዬለታለሁ።

ልጁ 24 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እሱና እናቱ ገላን ጉራ ገቡ። ሞባይል ጥገና ስለሚሠራ ግን ጠዋት ወደ ፒያሳ ይመጣል፣ ማታ ይመለሳል። «ቤቱ ይሻላል፣ አልዋሽህም» ይላል። «ሽንት ቤቱ የራሳችን ነው። ዝናብ አይገባም። ግን እማዬ ቡና አፍልታ የምትጠራው ሰው አጣች። ጎረቤቶቻችን አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ተበተኑ። የኔም ጀለሶች እንደዚያው።»

ጭንቀቱ የጀመረው ያኔ ነው። ማታ ማታ ደረቱን ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል። ልቡ ድው ድው ይላል። ምንም ሳይመጣ የሆነ ነገር ሊመጣ ነው ይላል። ጠዋት ደግሞ ከአልጋ መነሳት ያስጠላዋል። «ደበረኝ የምንላት ዓይነት አይደለችም ጋሼ። ኳስ እንኳ ማየት አስጠላኝ። እኔ! ኳስ!»

በዚህ መሃል ከዱባይ የመጣ የአክስቱ ልጅ አንዷን ሰጠው። «ሳብ አድርጋት፣ ፈታ ትላለህ» አለው። ሳበ። ፈታም አለ። ውሸት ለምን እንጽፋለን? በደቂቃ ውስጥ ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ የተነሳለት መሰለው። የመጀመሪያ ሰሞን ማታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ታክሲ ከመሳፈሩ በፊት። ቀጥሎ ደንበኛ ሲጨቀጭቀው። በስድስተኛው ወር ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ እጁ ትራሱ ሥር ይዳብሳታል።

እናትየው ፍላሽ ናት ብለው ያስባሉ። እውነቴን ነው። መልኳም ፍላሽ ነው የምትመስለው፣ ከኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ቻርጅ ሲያደርጋትም ያዩታል። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ረስቷት ሲወጣ እማማ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ እስከ ታክሲ መያዣው ሮጠው «ልጄ፣ ፍላሽህን!» ብለው አቀበሉት።

«ሳቅሁና ተቀበልኳት» አለኝ። «ታክሲ ውስጥ ግን አለቀስኩ።»

<b>ኪስ አውላቂውና መታወቂያው</b>

ፒያሳ ያደገ ሰው ይህችን ጨዋታ ያውቃታል። ኪስ አውላቂው ቦርሳህን ይወስዳል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንድ ደግ የሚመስል ልጅ መጥቶ «መታወቂያህን መንገድ ላይ አገኘሁልህ» ይልሃል። ደስታህ ወሰን ያጣል! ጉርሻ ትሰጣለህ፣ ትመርቃለህ። የሰረቀህም የመለሰልህም አንድ ሰው መሆኑ የሚገባህ ቆይቶ ነው።

ኒኮቲን እንዲሁ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ወደ ሳንባ የሳብከው ኒኮቲን በ10 እና በ20 ሰከንድ መካከል አንጎል ይደርሳል። እዚያ ዶፓሚን የሚባለውን፣ «እሰይ፣ ድገመው» የሚያሰኘውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። እስከዚህ ድረስ ግብዣ ነው። ችግሩ ቶሎ መውረዱ ነው። በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይቀንሳል። አንጎል ደግሞ ለምዶታል፣ ሲቀንስበት ይነጫነጫል። መነጫነጩ እንዴት ነው የሚታወቀው? መቁነጥነጥ፣ ብስጭት፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ ድብርት። በኛ ቋንቋ ሐራራ!

እንግዲህ ተመልከቱ። የሐራራ ምልክትና የጭንቀት ምልክት መንትዮች ናቸው። ልጁ ከሰዓት በኋላ ደረቱ ሲጨነቅ «ሕመሜ ተነሳ» ይላል፣ ይስባል፣ ይለቀዋል። «መድኃኒቴ ናት» ይላል። ከተነሳበት ነገር ግማሹ ቀድሞ የሳባት ያመጣችበት መሆኑን በምን ይወቅ? ቀማችው፣ መለሰችለት፣ ጉርሻ ተቀበለች። በዚያ ላይ ኒኮቲን ልብን ያፈጥናል። ልብ ሲፈጥን ለሚጨነቅ ሰው «ምን ሊመጣ ነው?» የሚል ሌላ ፍርሃት ይጨምራል። (በቀን አምስት ማኪያቶ እየጠጣችሁ ልቤ ይመታል የምትሉ የፒያሳ ልጆች፣ እናንተንም ይመለከታል። ካፌይንም የራሱ ድርሻ አለው።)

ከሲጋራ የምትለይበት አንድ ተንኮል አላት። ሲጋራ ያልቃል። ቁራጩን ትጥላለህ፣ ጫማህ ላይ ያለው አመድ ይመሰክርብሃል። ቬፕ መጨረሻ የላትም። ስንት ጊዜ እንደሳብክ አትቆጥርም። አዳዲሶቹ ኒኮቲኑን በጨው መልክ ስለሚይዙ ጉሮሮ አይከረክሩም፣ ስለዚህ ብዙ ይወሰዳል፣ ሳይታወቅ። ልጁ ሲጋራ አንድ ፍሬ ሞክሮ ሳል ገድሎት ነበር የጣለው። ማንጎዋ ግን አላሳለችውም።

ሌላዋ ያነጋገርኳት ልጅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ያደገችው ሠራተኛ ሰፈር ነው። እሷ የጀመረችው በፈተና ሰሞን ነው፤ ጫት ለጥናት፣ ከምርቃና ለመውረድ ጨብሲ፣ ከዚያ እጇ ሲንቀጠቀጥ ቬፕ። «ሴት ልጅ ሲጋራ ይዛ ብትታይ ሰፈሩ ምን እንደሚላት ታውቃለህ» አለችኝ። «ይቺን ግን ቻፕስቲክ ናት ብል ማንም አይጠይቀኝም።» ጥናቱ ሄደ፣ ፈተናው ሄደ፣ ቬፗ ቀረች። ለሦስት ቀን ለመተው ሞክራ እንዴት እንደከበዳት ስትነግረኝ «እብድ ልሆን ነበር፣ ስለዚህ ያስፈልገኛል ማለት ነው» አለች።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚችው ላይ ነው። ሐራራ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው የሚከፋው። ያቺ ልጅ የቆመችው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዞራ ወረደች። አብዛኛው ሰው በሦስት በአራት ሳምንት ውስጥ ይለቀዋል። ከዚያስ? እንደ ፈረንጆቹ በ2014 በታዋቂው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት፣ ቢኤምጄ፣ የወጣ ሥራ 26 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲጋራ የተዉና ያልተዉ ሰዎችን አነጻጽሮ ነበር። የተዉት ጭንቀታቸውም ድብርታቸውም ውጥረታቸውም ቀንሶ ተገኘ። የለውጡ መጠን ከድብርት መድኃኒት ውጤት ጋር የሚስተካከል ነው ተብሏል። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም ሰዎች ላይ እንዲሁ ነው። ያ ጥናት ስለ ሲጋራ እንጂ ስለ ቬፕ አይደለም፤ አልደብቃችሁም። ሐራራውን የሚያመጣው ኒኮቲን ግን ያው አንዱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሐቅ ሲባል ይባል። ሃያ ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ሰው ጨርሶ ሲጋራውን ጥሎ ወደ ቬፕ ቢዞር ጉዳቱ ይቀንስለታል፤ የሚቃጠል ትንባሆ የለማ፣ ታሩም የለም። እንግሊዞች በዚህ መንገድ አጫሾቻቸውን ሲያስተዉ ቆይተዋል። ከዚያ በፊት ጭስ ገብቶበት የማያውቅ የ24 ዓመት ሳንባ ግን ከምን ወደ ምን ነው የተሻሻለው?

<b>ከየት መጣች?</b>

እዚህ አገር ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻውንም ቬፑንም ጣዕም የተጨመረበትን ትንባሆም አብሮ ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰውም ትንባሆ አይሸጥም። ታዲያ ፒያሳ ውስጥ የማንጎ ጉም ከየት መጣ? በሻንጣ ነዋ፣ በኮንትሮባንድ። የሚቆጣጠረው ስለሌለ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የኒኮቲን መጠን እውነት ይሁን ውሸት የምታውቁበት መንገድ የለም። አሜሪካ በ2019 በቬፕ የተነሳ ከ2,800 በላይ ሰዎች በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገብተው 68 ሞተዋል። ዋናው ጥፋተኛ ከካናቢስ በተሠራ ፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀለ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር፣ አብዛኛውም በጓሮ የተሸጠ። ኒኮቲን ብቻ ያለበት ቬፕ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። ውስጡ ምን እንዳለ ከማይታወቅ ዕቃ ጋር መላመድ ግን ድፍረት ነው።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ቬፗን ብቻ ነጥቀነው «በል፣ በርታ» ብንለው ግፍ ነው። ከመጀመሪያውም ጭንቀት ነበረበት፤ ጭንቀቱም ድብርቱም የራሱ ሕክምና አለው። ከሁለት ሳምንት በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ልብ ከከፋ፣ የሚወዱት ነገር ካልጣመ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ይህ ስንፍና አይደለም፣ ሕመም ነው። «አማኑኤል ሂድ» በኛ አፍ ስድብ ሆኖ ቀርቷል፤ ኧረ ይብቃን! መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ጨርቁን ለጣለ ሰው ብቻ የተሠራ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና አላቸው። ጸበል እሄዳለሁ ለሚልም ማንም አይከለክለው፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ሲጋራም ቬፕም ጫትም ካለ ሳትሸሽጉ ንገሩ፤ የሲጋራ ጭስ አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶችን ከሰውነት ቶሎ እንዲወጡ ስለሚያደርግ መጠኑ ይለወጣል። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ የለም። ያንኑ ሰዓት ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ፣ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለሐራራው የልጁን ዘዴ ላካፍላችሁ። መሳቡ ሲያምረው አሥር ደቂቃ ለራሱ ይቀጥራል። «ከአሥር ደቂቃ በኋላ እስባለሁ» ይላል፣ እምቢ አይልም። ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ሲደርስ ወይ ረስቶታል፣ ወይ ላብ ብሎት ትቶታል። ሁለት ቀን አልሠራለትም፤ ሁለቱንም ቀን ስቧል። ከዚያ እንደገና ጀመረ። በሁለተኛው ስንገናኝ አሥራ አንደኛ ቀኑን ይዞ ነበር። እንቅልፉ ገና ነው፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ሰው ይነጫነጭበታል። የሐኪም ቀጠሮ ግን ይዟል።

«ለእማዬ ነገርኳት» አለኝ።

«ምን አሉ?»

ዝም አለ። ለካ ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል የቤታቸውን ፎቶ በሞባይሉ አንስቶ ነበር፤ ግቢውን፣ በሩን፣ የእማማን የቡና ረከቦት። እናትየው የት እንዳለ ሲጠይቁት «ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ» ይላቸው ነበር። እሳቸው ያቺን ዕቃ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ይዘው የሮጡት ለዚያ ነው።

«ቬፕ ናት፣ ሲጋራ በላት ስላት አልተቆጣችኝም» አለ። «ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻትና፣ ‹ታዲያ ቤታችን የታለ?› አለችኝ።»

ፎቶዎቹ ሞባይሉ ውስጥ አሉ። ያን ዕለት ስንለያይ፣ ሱቆቹ ሳይዘጉ ብሎ፣ እውነተኛ ፍላሽ ሊገዛ ሄደ።