ስማርት ቴሌቪዥንዎ በተደጋጋሚ ይጠፋል? ወደ ጥገና ከመውሰድዎ በፊት የሚጠፋበትን ሰዓት ይመዝግቡ

በወላይታ ሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ከተሞች ብቻ ሳይሆን መብራት በደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎችም ስማርት ቴሌቪዥን የብዙ ቤተሰብ ንብረት እየሆነ መጥቷል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ከብት ተሽጦ ወይም የዕቁብ ተራ ተጠብቆ የሚገዛ ዕቃ ነው። በመሆኑም ዜና ወይም ኳስ እየታየ ሳለ በድንገት ሲጠፋ፣ የአምራቹን አርማ እያሳየ ደጋግሞ ሲነሳ ወይም ዩቲዩብ ሲከፈት ደርቆ ሲቀር ቤተሰቡ ቶሎ የሚደርስበት ድምዳሜ «ተበላሸ» የሚል ነው። ዕቃው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በባጃጅ ወደ ጥገና ቤት ይጓዛል። በመንገድ ላይ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ የመጀመሪያው ችግር ይረሳል፤ ስክሪን መቀየር ብዙ ጊዜ አዲስ ቴሌቪዥን ከመግዛት አይተናነስምና።

በተደጋጋሚ የሚጠፋ ቴሌቪዥን ሁሉ ግን የተበላሸ አይደለም። ችግሩ ከኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ከሙቀት፣ ከተጨናነቀ ማከማቻ ወይም ከአንድ መተግበሪያ ሊመነጭ ይችላል። እነዚህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት ቴሌቪዥኑ የጠፋበትን ሰዓት፣ በዚያን ጊዜ ምን ይታይ እንደነበርና በቤት ውስጥ ሌላ ምን ዕቃ ተሰክቶ እንደነበር በወረቀት ላይ መመዝገብ ብዙ ነገር ይገልጣል።

ችግሩ ምሽት ላይ የሚብስ ከሆነ

ቴሌቪዥኑ ቀን በደህና ሠርቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። በእነዚህ ሰዓታት የመንደሩ ነዋሪ ሁሉ አምፖሉን ያበራል፣ ምድጃውን ይለኩሳል፣ ምጣዱን ይሰካል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ኃይል ይስባል፤ መካከለኛ መጠን ያለው ዘመናዊ ቴሌቪዥን በአንጻሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት ብዙም የዘለለ አይወስድም። ስለዚህ የአንድ ጎረቤት ምጣድ ብቻውን በመስመሩ ላይ የሠላሳ ቴሌቪዥን ጫና ያሳድራል ማለት ነው።

የወላይታ ነዋሪ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ወደ ኬንያ የሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሳው ከዚሁ ከወላይታ ሶዶ ነው፤ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ናይሮቢ አቅራቢያ ወደሚገኘው ሱስዋ ይደርሳል፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም.ም ኃይል ማስተላለፍ ጀምሯል። ታዲያ ይህን ሁሉ ኃይል የሚያሳልፍ አካባቢ እንዴት አንድ ቴሌቪዥን ያቅተዋል? መልሱን በመስኖ የሚያርስ ገበሬ ያውቀዋል። ወንዙ ቢሞላም ወደ ማሳው የሚገባው ቦይ ጠባብ ከሆነ ዳር ላይ ያለው ማሳ ውኃ አያገኝም። ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት የሚወሰነው በታላቁ መስመር ሳይሆን በሠፈሩ ትራንስፎርመር አቅም፣ ከእርሱ እስከ ቤት ባለው ሽቦ ርቀትና ውፍረት፣ እንዲሁም በመገጣጠሚያዎቹ ጥብቀት ነው። ከትራንስፎርመሩ ርቆ በመጨረሻው ምሰሶ ላይ ያለ ቤት ከሁሉም ቀድሞ ይጎዳል።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ የኃይሉ መውረድ ብቻውን ብዙም አያስቸግረውም፤ የሚያጠፋው ቅጽበታዊ መቆራረጥ ነው፣ የሚጎዳው ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚከተለው ድንገተኛ ግፊት ነው። «220 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ መውረዱም ያስቸግረዋል። በዚህ ልዩነት ምክንያት የሚገዛው መከላከያም ይለያያል። ለመጀመሪያው ዓይነት ኃይሉ ከመጠን ሲወጣ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ የቴሌቪዥን ጋርድ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ስታቢላይዘር ይመረጣል። በብዙ ቤት የሚታየው ቀይ መብራት ያለው ተራ ዲቫይደር ግን ሶኬት ከማብዛት በቀር ከምንም አይከላከልም። እንዲያውም የላላ ዲቫይደር ራሱ የመጥፋቱ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ቴሌቪዥኑን ለአንድ ምሽት በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት መሰካት ጥሩ ፈተና ነው።

አንድ ምልክት ግን ጊዜ አይሰጥም። አንዳንዱ አምፖል ከወትሮው እጅግ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፣ ወይም እርስዎ ቤት ሲደምቅ ጎረቤት ቤት ከደከመ፣ በመስመሩ ላይ የኒውትራል ሽቦ ተበጥሶ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ኃይል ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ስለሚችል ቴሌቪዥንም ማቀዝቀዣም በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ወዲያውኑ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማብሪያና ማጥፊያ ማውረድና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ስልክ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ለማሰር መሞከር በሕይወት መቀለድ ነው።

በበልግና በክረምት ደግሞ የዳሞታ ተራራ ሲያጉረመርም ከሶኬቱ በተጨማሪ የዲሹ ኬብልም ከሪሲቨሩ መነቀል አለበት። ብዙዎች ሶኬቱን ነቅለው ዲሹን ይረሱታል፤ ጣሪያ ላይ ያለ ብረት ግን የመብረቁን ግፊት በኬብሉ በኩል እስከ ቴሌቪዥኑ ያደርሰዋል። ጋርድም ስታቢላይዘርም ቢኖር መንቀሉን አይተኩም።

በማንኛውም ሰዓት፣ ከተከፈተ ከጥቂት ጊዜ በኋላ

መዝገቡ ቴሌቪዥኑ በየትኛውም ሰዓት ቢከፈት ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደሚጠፋ ካሳየ ሙቀት ይጠረጠራል። ጀርባው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በአቧራና በምድጃ ጭስ ጥላሸት ይደፈናሉ፤ ሙቀት የሚወዱ በረሮዎችም ውስጡ ይሰፍራሉ። በቁም ሣጥን ውስጥ ታፍኖ የተቀመጠ፣ ወይም ለጌጥ ተብሎ የተጠለፈ ጨርቅ ከላዩ የማይወርድለት ቴሌቪዥን መተንፈሻ የለውም። ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ጋት ያህል ማራቅ፣ ከሶኬት ነቅሎ ቀዳዳዎቹን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል።

በመደበኛነት በአራት ሰዓት ገደማ የሚጠፋ ከሆነ ግን ምንም አልተበላሸም። ብዙ ሞዴሎች ሪሞት ሳይነካ ረጅም ሰዓት ካለፈ ኃይል ለመቆጠብ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ይህ ከሴቲንግ ውስጥ ይስተካከላል።

ኢንተርኔት ሲከፈት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ

ወሳኙ ፈተና ይህ ነው፦ ዋይፋዩን ዘግቶ፣ ፍላሹን ነቅሎ ቴሌቪዥኑን በዲሽ ብቻ ሁለት ሰዓት መመልከት። በዚህ ጊዜ ሳይጠፋ ከቆየ ኃይሉም ስክሪኑም ደህና የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ ችግሩ ያለው በሶፍትዌሩ በኩል ነው።

ስማርት ቴሌቪዥን እንደ ስልክ ማከማቻ አለው፤ ከስልክ ግን በእጅጉ ያነሰ ነው። በርካታ ርካሽ ቴሌቪዥኖች 8 ጊጋ ባይት ማከማቻና 1 ጊጋ ባይት ራም ይዘው ይሸጣሉ፤ ከዚያም ውስጥ ሰፊውን ክፍል ሲስተሙ ራሱ ይይዘዋል። ልጆች ጌሞችንና የማይታዩ መተግበሪያዎችን ሲጭኑበት ሲስተሙ መላወሻ ያጣና ራሱን እያጠፋ ይነሳል። የማያስፈልጉትን ማጥፋት፣ ከዚያም «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ» የሚለውን ከፍቶ የዩቲዩብንና የሌሎቹን «ካሽ» ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በመጨረሻም ቴሌቪዥኑን በሪሞት ማጥፋት ሳይሆን ከሶኬት ነቅሎ ለአምስት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ሪሞት ብዙውን ጊዜ የሚያስተኛው እንጂ የሚያጠፋው አይደለም።

በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም አንድ ስህተትም አለ። ቴሌቪዥኑ ቀን ሲጠይቅ አንዳንድ ተጠቃሚ ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላል። ለቴሌቪዥኑ ግን ይህ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ዩቲዩብንና መሰል አገልግሎቶችን የሚያገናኘው የደኅንነት ማረጋገጫ የሚሠራበት ዘመን ገና ያልደረሰ ስለሚመስለው ግንኙነቱን ይከለክላል፤ መተግበሪያው ይከፈትና ወዲያው ይዘጋል፣ ወይም «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ቀኑ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲሞላ ማድረግና የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ብሎ መምረጥ ያስተካክለዋል።

ሲስተሙን ማደስ ሌላው መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ጊዜውን መምረጥ ያሻል። ዕድሳቱ በመሀል መብራት ከጠፋበት ቴሌቪዥኑ ከአርማው የማያልፍ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ምሽት ላይ፣ ዝናብ ባረገዘ ሰማይ ወይም ባትሪውና ዳታው ሊያልቅ በተቃረበ ስልክ ሆትስፖት አይጀመርም። በፍላሽ የሚጫን ሶፍትዌር ከሆነ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለው የሞዴል ቁጥር ጋር በትክክል አንድ መሆን አለበት፤ ለ43 ኢንች የተሠራው ለ32 ኢንች አይሆንም። ወደ ፋብሪካ ይዞታ መመለስ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ የይለፍ ቃሎችንና የተጫኑትን ሁሉ ያጠፋል።

ተራ ቴሌቪዥንን ወደ ስማርት የሚቀይሩ ርካሽ የአንድሮይድ ሣጥኖች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የአሜሪካው ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በግንቦት 2017 ዓ.ም. «ባድቦክስ 2» የተሰኘ ጎጂ ሶፍትዌር ስም የለሽ በሆኑ የቴሌቪዥን ሣጥኖች ላይ ከመሸጣቸው በፊት ጭምር ተጭኖ እንደሚገኝ አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለ ሣጥን ባለቤቱ ሳያውቅ ዳታውን ይበላል፣ ይግላል፣ ይደርቃል። ዳታ ያለ ምክንያት እየቶሎ የሚያልቅበት ቤት ሣጥኑን ነቅሎ ለውጡን መመልከት ይኖርበታል።

ጥገና ሲያስፈልግ

ድምፅ እየተሰማ ምስል ከጠፋ በጨለማ ውስጥ የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ ማብራት ይቻላል፤ ምስሉ በደብዛዛው ከታየ የተቃጠለው የጀርባ ብርሃኑ ነው። «ጠቅ ጠቅ» እያለ ለመነሳት የሚታገል ከሆነ ደግሞ የኃይል ቦርዱ ይጠረጠራል። ሁለቱም የባለሙያ ሥራ ናቸው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት የማያንስ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ክዳኑን በቤት ውስጥ መክፈት አይገባም።

ባለሙያው ዘንድ ሲኬድ የተመዘገበውን ወረቀት ይዞ መሄድ የምርመራውን ጊዜና ዋጋ ያሳጥራል። ዋጋው ቦርዱ ከመቀየሩ በፊት ይነገር፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ለባለንብረቱ ይመለስ። ቴሌቪዥኑ አዲስ ከሆነ ግን ወደ ጥገና ቤት ሳይሆን በቅድሚያ ወደ ሻጩ መመለስ አለበት፤ በሌላ ሰው የተከፈተ ዕቃ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሻጭ ለሸማች ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ደረሰኝ የሌለው ሸማች አቤቱታውን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሲያቀርብ ዕቃው ከማን እንደተገዛ ማስረዳት ይከብደዋል። ደረሰኙ ቀለሙ ሳይለቅ በስልክ ፎቶ ቢነሳ መልካም ነው፣ ካርቶኑም የዋስትናው ጊዜ እስኪያልፍ ባይጣል።