ቀይዋ ሽቦ ኔጋቲቭ የሆነችበት ምክንያት

የኤሌክትሪክ ሥራ የለመደ ሰው በአሜሪካ የቆየ ቤት ውስጥ የስልክ ሳጥን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደናግረው ቀለሙ ነው። አረንጓዴዋ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ቀይዋ ኔጋቲቭ ናት። ስልኩ ሳይነሳ በቴስተር ሲለካ በሁለቱ መካከል 48 ቮልት ገደማ ይነበባል። የመጀመሪያዋን ቲፕ፣ ሁለተኛዋን ሪንግ ይሏቸዋል፤ ስያሜው የመጣው በጥንቱ የእጅ ስዊችቦርድ መሰኪያ ላይ ከነበራቸው ቦታ ነው።

አቀማመጡ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። የስልክ ማዕከሉ 2 ቮልት ገደማ የሚሰጡ 24 የእርሳስ ባትሪ ሴሎችን ደርድሮ 48 ያደርሳል፤ ከዚያም ፖዘቲቩን ጫፍ ከመሬት ያስራል። ምክንያቱ የኬብሉ ዕድሜ ነው። የተቀበረ ኬብል ውኃ ሲገባው፣ ከመሬቱ ይልቅ ፖዘቲቭ የሆነ መዳብ በኤሌክትሮሊሲስ እየተበላ ያልቃል፤ ኔጋቲቭ የሆነው ግን ይተርፋል። ማንም ሳያየው ከመንገድ ሥር ለአሥርት ዓመታት ያገለገለ ሽቦ ብዙ ዕድሜ ያገኘው ከዚህ ጥንቃቄ ነው፤ በእኔ እምነት ከስልክ ምህንድስና ምርጥ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው።

ባለ ክብ መደወያው ስልክ የሽቦዎቹ መገላበጥ አያስጨንቀውም። መደወያው የሚሠራው የመስመሩን ጅረት እየቆራረጠ ነው፤ ደወሉን የሚመታው ደግሞ አቅጣጫው የሚመላለስ፣ 20 ኸርዝ ገደማ የሆነ ጅረት ነው። ችግር የነበረው ሁለት ቤቶች አንድ መስመር በሚጋሩበት ጊዜ ነው። ደወሉ በአንዷ ሽቦና በመሬት መካከል ስለሚላክ፣ ሽቦዎቹ ከተገለበጡ ለአንዱ የተደወለው በጎረቤቱ ቤት ይጮህ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው የአሜሪካው የስልክ ድርጅት ቤል ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1963 ባለ ቁልፍ ስልክ ለደንበኞች ሲያቀርብ ነው። ድምፅ የሚያወጣው ትራንዚስተር የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ በሚመጣ ጅረት ብቻ ነበር። ሽቦዎቹ የተገለበጡበት ደንበኛ ስልኩን ሲያነሳ የመስመሩን ድምፅ ይሰማል፤ ሲደወልለትም በደንብ ያወራል፤ ቁልፉን ሲጫን ግን ምንም አይሰማም። ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ የመለሰ ሰው አይፈረድበትም፤ መፍትሔው ግን ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር ብቻ ነበር። በኋላ አምራቾች አራት ዳዮዶችን በድልድይ መልክ ከስልኩ መግቢያ ላይ አኖሩ፤ ጅረቱ ከየትም ይምጣ በትክክለኛው አቅጣጫ ይገባል።

በአዲሱ የቀለም ሥርዓት የአረንጓዴዋን ቦታ ሰማያዊ መስመር ያላት ነጭ ሽቦ፣ የቀይዋን ደግሞ ሰማያዊዋ ይዛለች። በእንግሊዝ መስመሮች የደዋዩ ቁጥር ከመላኩ በፊት ማዕከሉ ሆን ብሎ ዋልታውን ይገለብጣል፤ መሣሪያው ቁጥሩን ለመቀበል የሚዘጋጀው በዚህ ምልክት ነው። ዛሬ ብዙ ቤቶች ስልካቸውን ከኢንተርኔት ሳጥን ጋር ያያይዛሉ፤ ይህም ሳጥን የሚያወጣቸው ሁለት ሽቦዎች ዋልታ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ፣ ዳዮድ የሌለው ባለ ቁልፍ ስልክ በተገለበጠ መስመር ላይ ከተሰካ ዛሬም ቁልፎቹ ድምፅ አይሰጡም።