ሁለት አገር፣ ሁለት ሶሺዮሎጂ

ኤሚል ዱርካይምና ማክስ ቬበር፣ እነዚህ ሁለት የሶሺዮሎጂ አባቶች፣ የፕሮቴስታንቶችና የካቶሊኮች ኑሮ መለያየቱን ሁለቱም አስተውለዋል። ዱርካይም በ1897 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ራሱን የሚያጠፋ ሰው በፕሮቴስታንቶች ዘንድ እንደሚበዛ አሳየ። ቬበር በ1904 እና በ1905 ባወጣው ጥናት ደግሞ በጀርመን በካፒታልና በሙያ ፕሮቴስታንቶች ቀድመው መገኘታቸውን ይዞ ተነሣ። መነሻቸው እንዲህ ተቀራርቦ መልሳቸው ግን ተራራቀ። ፈረንሳዊው ምክንያቱን ያገኘው ሰውን ከማኅበሩ ጋር በሚያስተሳስረው ዝምድና መጥበቅና መላላት ውስጥ ነው። ጀርመናዊው የጠየቀው እምነቱ ለአማኙ ለራሱ ምን ትርጉም እንደነበረው ነው።

ልዩነቱ የሁለት ሰዎች ጠባይ ብቻ አይመስለኝም። ዱርካይም በ1858 በሎሬን፣ በኤፒናል ከተማ፣ ከረቢ ቤተሰብ ተወለደ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ የፕሩሺያ ጦር ከተማውን ያዘ። የተሸነፈችው ፈረንሳይ ሪፐብሊክ ብትሆንም፣ ንጉሥንና የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣን የሚናፍቁ ብዙዎች ነበሩ። በ1881 እና በ1882 የወጡት ሕጎች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ነጻና ግዴታ አደረጉ፤ ሃይማኖትንም ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጡ። ታዲያ ካህኑ ሲወጣ ሥነ ምግባርን ማን ያስተምር? አገሪቱስ በምን ትተሳሰር? በ1887 በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የተቀጠረው ዱርካይም ከማኅበራዊ ሳይንስ ጋር የማስተማር ዘዴንም ያስተምር ነበርና ይህ ጥያቄ የዕለት ሥራው ነበር። ከአገር ጭንቀት መወለዱ ሐሳቡን ሐሰት አያደርገውም፤ እንዲያውም ጥልቀት የሰጠው ያው ጭንቀት ነው።

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክና ሕግ ገንነው ነበር። ፈላስፋው ዲልታይ በ1883 የሰው ጥናት እንደ ተፈጥሮ ሳይንስ በውጫዊ ሕግ ብቻ እንደማይመራና ከውስጥ መረዳትን እንደሚጠይቅ ተከራከረ። በሕግ ትምህርት ያደገው ቬበርም ድርጊትን ከትርጉሙ ነጥሎ ማየት አልፈለገም። የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተጋጨባቸው ዓመታት ገና ከሰው ልብ አልወጡም ነበርና፣ ሃይማኖት ኑሮን ይለውጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ለጀርመናውያን አዲስ አልነበረም። ሁለቱ ሊቃውንት በአንድ ዘመን ኖረው አንዱ የሌላውን ሥራ በጽሑፍ አልተወያየበትም ማለት ይቻላል።

እንግሊዝ ውስጥ የኅብረተሰብ ጥናት ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ነበር። የመርከብ ባለሀብቱ ቻርልስ ቡዝ ከ1886 ጀምሮ በገዛ ገንዘቡ የለንደንን ድህነት በየመንገዱ አስጠንቶ ካርታውን በቀለም ለየ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣው ሕዝብ በሚጎርፍባት ቺካጎ፣ በ1892 የተቋቋመው የሶሺዮሎጂ ክፍል ስደተኛውንና ከተማውን ዋና ርዕሱ አደረገ።

«ሰምና ወርቅ» በተሰኘው የኢትዮጵያ ጥናቱ የምናውቀው ዶናልድ ሌቪን ያስተማረው በዚሁ በቺካጎ ነው። የሶሺዮሎጂን ታሪክ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የጣልያን፣ የአሜሪካ እያለ በየአገሩ የተረከበት መጽሐፉ በ1995 ታትሟል።